ስለ አንድ ጣሪያ ማፍሰስና ስለ አንድ ሰው ማደግ

የታላላቅ ሰዎች ታላቅነት የተጀመረበት ቀን ሁልጊዜ ሁለት ታሪክ አለው። የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ተሟጋች ማኅበር በምሥረታ በዓሉ ባሳተመው መጽሔት እንደተጻፈው ከሆነ፣ መሥራቹና ዳይሬክተሩ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ የተገፉ ወገኖች ሰቆቃ ከሩቅ ተሰማቸው፤ ልብሳቸው ይበላሻል፣ ጫማቸው ይጨቀያል ሳይሉ ቁልቁል ወርደው ከሰፈሩ ሁሉ የባሰውን ቤት ፈልገው አንኳኩ። “በዚያች ዕለት” ይላል መጽሔቱ፣ “አንዲት ጠብታ በግንባራቸው ላይ አረፈች። የድሆች እንባ መሆኗን ወዲያው ዐወቁ።”

የሰፈሩ ሰዎች የሚሉት ሌላ ነው። በእነሱ አባባል ሰውየው ያን ጊዜ ሥራ ፈላጊ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት ቃለ መጠይቅ ሲመለስ ዝናብ ያዘው፤ የተዋሰው ኮት እንዳይበላሽበት እየሮጠ መጀመሪያ ያገኘው ደጃፍ ውስጥ ዘው አለ። ቤቱ ከውጭ የባሰ ያፈስ ስለነበረ ግንባሩን እየጠረገ “ከዚህስ ደጅ ይሻላል” ብሎ አጉረመረመ። ባለቤቲቱም “ታዲያ ማን ጠራህ?” አሉት።

ፍርድ እንዳይዛባ ሁለቱን አስተያይተን ስናይ ዝናብ መዝነቡን ሁለቱም ይቀበላሉ። ጠብታ መውረዷንም ሁለቱም ይቀበላሉ። ሰዎች ስለ ትናንትና እንኳ በማይስማሙበት ዘመን ይህን ያህል ስምምነት ትንሽ ነገር አይደለምና ሁለቱንም ተቀብለን እንቀጥል።

ባለቤቲቱን ሰፈሩ “እማማ ባልዲ” ይላቸዋል፤ የሚያፈሰውን የሚቀበሉበት ባልዲ ከክፍላቸው መሐል ተነሥቶ ስለማያውቅ ነው። ወደዚያ ቤት ብዙ ሰው ገብቶ ወጥቷል፤ ቀዳዳውንም ሁሉም አይቶታል። ነገር ግን ተራ ሰው ቀዳዳ ሲያይ ቆርቆሮ ያስባል፤ አርቆ አሳቢ ሰው ግን ማኅበር ያስባል። ዳይሬክተሩ ዝናቡ ሳያባራ ስልካቸውን አውጥተው ጠብታዋን በአየር ላይ እንዳለች ፎቶ አነሧት። ያቺ ፎቶ ባሕር ተሻግራ ረጂ ይዛ ተመለሰች።

ማኅበሩ ከተቋቋመ ወዲህ ለሰፈሩ ጠብ ያለለት ነገር የለም እያሉ የሚያሙ አሉ። ይህ ነጭ ውሸት ነው። በእማማ ባልዲ ቤት ክረምቱን ሙሉ ጠብ ሲል ይውላል።

የማኅበሩ አሠራር ቀላልና ጥልቅ ነበር። እንግዶች ሲመጡ በእማማ አልጋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ዳይሬክተሩ ከባልዲው አጠገብ ይቆሙና ስለ ፍትሕ፣ ስለ ክብርና ስለ ከተማ ድህነት ይናገራሉ። ከዚያ ንግግራቸውን ድንገት ይገቱና ጣታቸውን ያነሣሉ። “ስሙት” ይላሉ በለሆሳስ። ጠብ ትላለች። “ይህ ድምፅ በትልልቁ አዳራሽ ይሰማልን?” ይላሉ። በዚህ ጊዜ እንግዶች መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። በዓመታት ልምድ ዳይሬክተሩና ጠብታዋ እንደ ዘፋኝና እንደ ከበሮ ተግባብተው ነበር፤ እሳቸው የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር እሷ ትጨርሰዋለች።

ችግር ሲያጋጥምም ማኅበሩ መፍትሔ አያጣም። አንድ ጊዜ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ፎቶዎቹን ስትመረምር ባልዲው አልጥም አላት።

“እማማ፣ ይሄ ባልዲ ቀይ ነው” አለቻቸው።

“አዎ፣ ቀይ ነው።”

“ደስ ይላል እኮ።”

“እኔም ደስ ስላለኝ ነው የገዛሁት።”

“እሱ ነው ችግሩ” አለች ኃላፊዋ፣ ከልቧ እያዘነች። “ደስ የሚል ነገር ከቤቱ መልእክት ጋር አይሄድም።”

በዚያው ሳምንት ማኅበሩ አንድ የዛገ የቆርቆሮ ባልዲ ፈልጎ አመጣ። የዛገው ባልዲ ራሱ ያፈስ ስለነበረ እንግዳ በሌለ ጊዜ ቀዩ ከሥሩ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እንግዳ ሲመጣ ቀዩ አልጋ ሥር ይደበቃል፤ ወለሉም ይረጥባል፤ የረጠበ ወለል ደግሞ ፎቶ ላይ ያምራል። ጥበብ ማለት ይህ ነው።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ ተስማምቶ ሲሄድ የእማማ ሴት ልጅ ቆርቆሮ ሠሪ አገባች። ሙሽራው የሰው ጣሪያ ሲመታ ያደገ ነው፤ ያማቱ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ እያየ መቀመጥ አልሆነለትም። አንድ እሁድ ጠዋት መሰላሉን አቁሞ ወጣና ምሳ ሳይደርስ ደፍኖት ወረደ። እማማ ያን ቀን አልጋቸውን ከግድግዳው ነቅለው ቀዳዳው ሥር፣ ልክ መሐል ላይ አደረጉት። ገብተው ተጋደሙና ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ ብቻቸውን ሳቁ።

ማክሰኞ ዕለት እንግዶች መጡ። ዝናቡም እንደ ታዘዘ መጣ። ዳይሬክተሩ የአልጋውን ቦታ መለወጥ ልብ ሳይሉ ንግግራቸውን አሳምረው፣ ጣታቸውን አንሥተው፣ “ስሙት” አሉ።

እንግዶቹ ሰሙ። ምንም የለም።

“ምኑን?” አለ አንዱ እንግዳ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያች ቅጽበት ይንተባተብ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው “ዝምታውን” አሉ። “የድሆችን ዝምታ!” እንግዳው መነጽሩን አወለቀ።

እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ግን ዳይሬክተሩ ቆርቆሮ ሠሪውን በር ላይ ያዙት።

“ማን ነው ይህን ጥፋት ያደረሰው?”

“የቱን ጥፋት፣ ጋሼ?”

“ይህን!” አሉ ወደ ላይ እያመለከቱ።

“እሱንማ እኔ ነኝ የደፈንኩት።”

“ማንን አማክረህ?”

“አማቴን። መሰላሉን የያዙልኝም እሳቸው ናቸው።”

“እንግዲህ ስማ ወንድሜ። በሙያተኞች የተሠራ ጥናት አለን። ጥናታችን ይህ ጣሪያ ያፈሳል ይላል። አሁን ጣሪያው ከጥናቱ ጋር ተጣላ።”

“ታዲያ ጥናቱን ማስተካከል ነዋ።”

“ጥናቱን የሠሩት ዶክተሮች ናቸው” አሉ ዳይሬክተሩ በትዕግሥት። “ጣሪያውን የሠራው ግን ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። የትኛው ነው የሚስተካከለው?”

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህ መታወቅ አለበት። አንድ ቀን ትግሉ ፍሬ ሲያፈራ የመንደሩ ጣሪያ በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ ጊዜ እንደሚለወጥ ያምኑ ነበር። እስከዚያ ግን እያንዳንዱ ሰው እየተነሣ የራሱን ቀዳዳ ከደፈነ ትግሉ ይከፋፈላል። ይህን ለሰፈሩ ኮሚቴ ሲያስረዱ ኮሚቴው ከልቡ ተቀበለ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ የእሱም ቤት ያፈሳል። በማግስቱ ጎረቤት አስከትሎ እማማ ባልዲ ዘንድ ለሽምግልና መጣ።

“እማማ፣ ለእኛ ሲሉ ይታገሡ” አለ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ።

“ምኑን ልታገሥ?”

“ትንሽ… ትንሽ ብቻ ይፍሰስ። የእርስዎ ከተደፈነ ማን ወደ እኛ ይመጣል?”

“የአንተስ ያፈስ የለም እንዴ? ያንተን አሳያቸው።”

“የእኔ በግድግዳ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚወርደው። አይታይም፤ ሲታይም አያምርም። የጎረቤቴም እንደዚያው ነው። የእርስዎ ግን ልክ መሐል ላይ፣ በአየር ላይ…” በእጁ ሲወርድ አሳያቸው። “እግዜር የሰጠዎት ነው እኮ።”

“ምነው ሌላ ነገር ቢሰጠኝ ኖሮ!” አሉ እማማ። ግን የጎረቤቶቻቸውን ፊት አንድ በአንድ አዩ። የጡረተኛውን ሚስት በሽታ ያውቃሉ፤ የሌሎቹንም ጓዳ ያውቃሉ። “እሺ፣ ይብሱት። ለእናንተ ስል እንጂ ለዚያ ሰውዬ አይደለም።”

ቀዳዳውን በትክክለኛው መጠን መልሶ ለመክፈት ሙያተኛ ያስፈልግ ነበርና ቆርቆሮ ሠሪው በማኅበሩ ተቀጠረ። በአንገት የሚንጠለጠል መታወቂያ ተሰጠው፤ ማዕርጉም “የጣሪያ ሁኔታ ክትትል ባለሙያ” ተባለ። ጣሪያ ሲደፍን ኖሮ ያላገኘውን ቋሚ ሥራ ጣሪያ በስቶ አገኘ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ በመጨረሻ መታወቂያውን ጠርጋ ሚስማር ላይ ሰቀለችለት። ደመወዝ የሌለው ሥራ እንኳ በጠፋበት ጊዜ ደመወዝ ያለው ሥራ አይናቅም።

ቀጥሎ የመጣው ችግር የእንግዶች ጠባይ ነበር። እንግዶች ጭቃ አይወዱምና በበጋ መምጣት አበዙ። ሰማዩ ደግሞ ስለ ረጂዎች የሚያውቀው ነገር የለም። ማኅበሩ የቦቴ መኪና ተከራየና “የበጋ ማጠናከሪያ” የሚባል አሠራር ዘረጋ፤ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት በጣሪያው ላይ ውኃ ይረጫል። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ቆይቶ ነበርና ጎረቤት ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደውን ለመቅዳት ተሰለፈ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ሰልፉን ፎቶ አነሣች፤ በዚያ ፎቶ ሁለተኛ ፕሮጀክት ተገኘ፤ የውኃ። ቦቴው ውኃውን ለምን በቀጥታ ለሰዎቹ አይሰጥም ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር። በማኅበሩ ውስጥ ብዙ አልቆየም።

ዳይሬክተሩም አደጉ። ሲጀምሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበረው ማኅበር የራሱ ሕንፃ ኖረው። እሳቸውም በየአገሩ እየዞሩ ስለ ጠብታዋ ተናገሩ፤ ሲናገሩ የተቀዳ ድምፅዋን ያሰሙ ነበር፤ ባልዲ ይዘው የማይሄዱት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንዴ ችግር ስለገጠማቸው ብቻ ነው። በመጨረሻም የተሟጋች ማኅበራት ሁሉ የበላይ ኅብረት ፕሬዝዳንት ሊመርጥ ሲነሣ ስማቸው ከቀዳሚዎቹ ተጠራ። ከኅብረቱ አንዲት ገምጋሚ መጥተው ሥራቸውን በዓይናቸው አይተው እንዲወስኑ ቀን ተቆረጠ።

በዚያው ሰሞን፣ ክረምቱ እንደ ገባ፣ የእማማ ልጅ ወለደች። ለአራስነቷ ከሚያፈሰው ቤት በቀር ሌላ ማረፊያ አልነበራትም። ከእርጥበቱ የተነሣ ሕፃኗ ሳምንት ሳይሞላት ማሳል ጀመረች። ቆርቆሮ ሠሪው መታወቂያውን አጥልቆ ወደ ዳይሬክተሩ ክፍል ወጣ። ክፍሉ ሞቃትና ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው፤ ዝናቡ በትልቁ መስታወት ላይ ያለ ድምፅ ይወርዳል።

“ጋሼ፣ ልጅ ተወለደልኝ።”

“እንኳን ማርያም ማረቻት! እንኳን ደስ ያለህ! ምንድን ነች?”

“ሴት ናት።”

“ግሩም!” ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ። “ሴት ተጠቃሚዎች አንሰውን ነበር።”

“ፈቃድ ልጠይቅዎ ነበር የመጣሁት። ጣሪያውን ልድፈነው።”

“ገምጋሚዋ በሚመጡበት ሳምንት?”

“ሳል ጀምሯታል፣ ጋሼ።”

ዳይሬክተሩ አሰቡ። አሳቢ ሰው ናቸው።

“ሳሏ… ይሰማል ወይስ ውስጥ ውስጡን ነው?”

ቆርቆሮ ሠሪው ከአንገቱ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ገልበጥ አደረገው።

“አትቀየመኝ ወንድሜ። የምለው፣ ለአንድ ቀን፣ ሕፃኗ ከባልዲው አጠገብ ብትተኛ ምን ይመስልሃል? ጠብታው እንዳይነካት ራቅ ብላ፣ ግን አንድ ፎቶ ውስጥ የምትገባበት ያህል። እኔ ከተመረጥኩ የእሷ ብቻ አይደለም፣ የሕፃናት ሁሉ ጣሪያ ነው የሚደፈነው።”

ቆርቆሮ ሠሪው ቤቱ ገብቶ ይህን ሲያወራ እማማ የሕፃኗን ጨርቅ እያጠፉ ነበር። ጨርቁን አስቀመጡት።

“ከባልዲው አጠገብ?”

“ከባልዲው አጠገብ።”

“የልጅ ልጄን የቤት ዕቃ አደረጋት በለኛ!” ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። “ሰማሽ? ይሄን ሁሉ ዓመት የቻልኩት ጎረቤቴ ይጠቀማል ብዬ ነው። አሁን ግን በቃኝ። አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋ የሚመጡ ቀን ቆርቆሮህን ይዘህ ጣሪያው ላይ ውጣ። እነሱ የክትትል ሥራህን የምትሠራ ይመስላቸዋል። ሴትዮዋ ከደጅ እግራቸውን ሲያወጡ ትደፍነዋለህ።”

“ከሥራ ያባርሩኛል፣ እማማ።”

“ያባርሩህ። ጣሪያ የሚያፈስበት ሰው ሞልቷል፤ ሳል የያዛት ልጅህ ግን አንዲት ናት።”

ቀኑ ደረሰ፤ ዝናቡም ደረሰ። ገምጋሚዋ ሸምገል ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ ከጥግ ተቀምጣለች፤ ከባልዲው አጠገብ በተነጠፈላት ትንሽ ፍራሽ ላይ ማንም አልተኛም። ጎረቤት ሁሉ በሩ ላይ ታጭቋል፤ ከፊት ጡረተኛው ሹፌር አለ። ዳይሬክተሩ በሕይወታቸው የተሻለ ንግግር አድርገው አያውቁም። ጣታቸውን አነሡ። “ስሙት።” ጠብ አለች፤ ጥርት ብላ። ከጥግም ሳል ተሰማ።

ገምጋሚዋ መነጽራቸውን አላወለቁም።

“ይህ ጣሪያ ማፍሰስ የጀመረው መቼ ነው?” አሉ።

“ማኅበራችን ከመመሥረቱ በፊት!” አሉ ዳይሬክተሩ በኩራት። “ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድም ክረምት አቋርጦ አያውቅም።”

“እስካሁንም አልተደፈነም?”

ዳይሬክተሩ ጣታቸውን እንደገና አነሡ፤ ጠብታዋም ጠብ አለች።

“ልንገርዎት” አሉ ገምጋሚዋ። “የኅብረቱ አቋም ተለውጧል። ችግር ማየት ሰልችቶናል። ዘንድሮ የምንመርጠው መፍትሔ የሚያሳየንን ሰው ነው።”

ብዙ መሪዎች አቋም ለመለወጥ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ዳይሬክተሩ ግን ትንፋሽ ለመውሰድ እንኳ አልቆሙም። አንገታቸውን ወደ ቀዳዳው ቀና አደረጉ።

“ወንድሜ! እዚያ ላይ ነህ?”

በቀዳዳው አንድ ዓይን ታየ። “አለሁ፣ ጋሼ።”

“ድፈነው!”

“አሁን?”

“አሁኑኑ! የሕፃናት መብት ለነገ የሚባል አይደለም!” ወደ ገምጋሚዋ ዞሩ። “ለዚህች ቀን ነበር ስንታገል የኖርነው።”

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ካሜራዋን ደቅና ወደ ጥግ ሮጠች። ከላይ የቆርቆሮ ድምፅ ተሰማ፤ መዶሻው አንድ ጊዜ መታ።

“ተው!” አሉ እማማ ባልዲ።

መዶሻው ቆመ።

“እማማ” አሉ ዳይሬክተሩ እየሣቁ፣ “ሲመኙት የኖሩት ይህን አይደል?”

“ይህንኑ ነው። አሁን ግን አየሁህ ልጄ። ይቺ ቀዳዳ ናት እዚህ ድረስ የምትጎትትህ። ዛሬ ተደፍና ፎቶዋን ካነሣህ ይህ ሰፈር የት እንደነበረም አታስታውሰው።” በሩ ላይ ወደ ታጨቀው ጎረቤት አመለከቱ። “ከወዲያ ጫፍ፣ ከሹፌሩ ቤት ጀምር። እያንዳንዱን እየደፈንክ ና። የእኔ የመጨረሻ ነው።”

ጡረተኛው ሹፌር ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን ጠፋውና መልሶ ደፋው።

“ሐሳቡ ጥሩ ነው” አሉ ገምጋሚዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው። “ዳይሬክተሩም የሚስማሙ ይመስለኛል።”

ዳይሬክተሩ መስማማታቸውን በአንገታቸው ገለጹ።

“ግን እኮ ጊዜ ይወስዳል” ቀጠሉ ገምጋሚዋ። “ሕፃኗስ?”

“አዎ፣ ሕፃኗስ?” አሉ ዳይሬክተሩ ተስፋቸው መለስ ብሎ።

እማማ ባልዲ ሕፃኗን ከእናቷ እቅፍ ተቀብለው ፊቷ እስኪጠፋ ጠቀለሏት። ልጃቸውን “ብርድ ልብሱን ያዢ” አሏት። ወደ ገምጋሚዋ ዞረው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

“እመቤቴ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑኝ። እኔ መርጫለሁ፤ ከልጄና ከልጅ ልጄ ጋር የምከርመው ሞቃቱ የዳይሬክተሩ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ ከፈለገ እዚህ ይክረም፤ ካልፈለገም የሰፈሩን ጣሪያ ቶሎ ይጨርስ።”